ጆን ኸርት ከቤቱ አልወጣም ነበር

አዳራሹ ለሦስት ሰው እጅግ ይሰፋል። ቦታው ሜምፊስ፣ ቴነሲ፤ ቀኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1928 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። በውስጡ ያሉት የኦኬ ሸክላ ኩባንያ ሰው ቶሚ ሮክዌል፣ አንድ የድምፅ ባለሙያና ወንበር ላይ የተቀመጠ አጭር፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት የሚጠጋ ጥቁር ገበሬ ናቸው። ማይክሮፎኑን አፉ ሥር ድረስ አስጠጉለት። ትክክለኛው ርቀት ሲገኝ ጭንቅላቱን ንቅንቅ እንዳያደርግ አስጠነቀቁት። ገበሬው እስከዚያች ቀን ድረስ ጊታር የሚመታው በረንዳ ላይ፣ ወይም ቅዳሜ ማታ ሰው በሚጨፍርበት ቤት ነበር። እየጠጣና እየተሳሳቀ ከሚሰማው ጎረቤት በቀር ሌላ አድማጭ አያውቅም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ ምን ያህል ፈርቶ እንደነበር አልደበቀም።

በዕለቱ ስምንት ዘፈን ተቀረጸ። ኩባንያው ለገበያ ያወጣው ሁለቱን ብቻ ነው፤ የአንድ ሸክላ ሁለት ገጽ መሆኑ ነው። በሸክላው ላይ ከስሙ አስቀድሞ «ሚሲሲፒ» የሚል ቃል ታተመ። ለሽያጭ ይበጃል ብሎ የጨመረው ኩባንያው ነው። ዓለም ዛሬ የሚያውቀው ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ጆን ስሚዝ ኸርት የተወለደው በሚሲሲፒ ግዛት፣ በካሮል ካውንቲ፣ ቲዮክ በምትባል የገጠር መንደር ነው። የልደት ዓመቱን አንዳንዱ ሰነድ 1892፣ ሌላው 1893 ይለዋል። ወላጆቹ አይሶምና ሜሪ ጄን ባርነትን በራሳቸው ሕይወት ያዩ ሰዎች ናቸው። የቲዮክ መሬት ደግሞ የቀድሞው የአሜሪካ ሴናተር የጆን ማኬይን ቅድመ አያቶች ባሪያ እያሠሩ ጥጥ ያመረቱበት መሬት ነው። ኸርት ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ እዚያው አካባቢ ወዳለችው አቫሎን ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሰባ ዓመቱ ድረስ አድራሻው አቫሎን ነበረች።

ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም። ጊታር የለመደበት አጋጣሚ ግን ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። የመንደሩ አስተማሪ ከእነ ኸርት ቤት ትኖር ነበርና ዊሊያም ካርሰን የሚባል ጊታር ተጫዋች እሷን ሊጠይቅ እየመጣ ያድራል። ልጁ የእንግዳውን ጊታር እንዲነካ አይፈቀድለትም። ቤተሰቡ ሁሉ እንቅልፍ ሲወስደው ግን ተነስቶ ጊታሩን ያነሳል፤ ካርሰን ሲጫወት ዓይኑ የያዘውን በጣቶቹ ይፈልጋል። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ በአንድ ዶላር ተኩል የራሱን ጊታር ገዛችለት። ቁጭ ብሎ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ክሩ መስጠት አለበት ብሎ ያሰበውን ድምፅ እስኪያገኝ ድረስ ራሱ ፈለገ እንጂ።

አቫሎን በግሪንዉድና በግሬኔዳ ከተሞች መካከል ያለች፣ ከጥቂት ቤቶችና ከአንድ ሱቅ ብዙም የማትበልጥ ሠፈር ናት። በስተምዕራቧ ዴልታ የሚባለው ሜዳ ይዘረጋል፤ ትልልቅ የጥጥ እርሻዎች፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጭሰኞች። በስተምሥራቋ ኮረብታው ይጀምራል። በሜዳው ላይ እነ ቻርሊ ፓተንና ሰን ሃውስ ጉሮሮ በሚሰነጥቅ ድምፅ የሚዘፍኑት፣ ጊታሩንም እንደ ጠላት የሚመቱት ብሉዝ አድጓል። በኮረብታው ጥግ አነስተኛ ገበሬዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ተቀራርበው ይኖሩ ነበር። የሚጨፍሩበትም ዜማ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ኸርት የዚህ የኋለኛው ልጅ ነው። ብሉዝ ይዘፍናል፤ ስለ ነፍሰ ገዳዮችና ስለ ባቡር ሠራተኞች የሚተርኩ ረጃጅም የታሪክ ዘፈኖችም ያውቃል፤ ለጭፈራ የሚሆን ፈጣን ዜማና የቤተ ክርስቲያን መዝሙርም አለው። ኦኬ ካወጣለት ሸክላዎች አንዱ በሁለቱም ገጹ መዝሙር ነው።

ወደ ሜምፊስ ያደረሰውም ጉርብትና ነው። ዊሊ ናርሞር የሚባል ነጭ ቫዮሊን ተጫዋች እዚያው ይኖር ነበር። የዘወትር አጃቢው ሼል ስሚዝ በሌለ ጊዜ ለጭፈራ ምሽት ጊታር እንዲመታለት የሚጠራው ኸርትን ነበር። ናርሞር በቫዮሊን ውድድር አሸንፎ ከኦኬ ጋር ሸክላ የማስቀረጽ ዕድል አገኘ። ሮክዌል ሊያነጋግረው አቫሎን ድረስ ሲመጣ በአካባቢው ሌላ ጥሩ ተጫዋች እንዳለ ጠየቀ። ናርሞርም በሌሊት ወደ ኸርት ቤት ወሰደው። ኸርት ከአልጋው ተነስቶ አንድ ዘፈን ዘፈነ፤ ለሮክዌል ይህ በቂ ነበር።

ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ መንገድ ቢሄዱም ሸክላቸው የተሸጠው በተለያየ ዝርዝር ነው። በ1920 ኦኬ የማሚ ስሚዝን «ክሬዚ ብሉዝ» አውጥቶ ገበያው ከጠበቀው በላይ ሲሆንለት፣ ኩባንያዎች ለጥቁር ገዢዎች ብቻ የተለየ ካታሎግ ማዘጋጀት ጀመሩ። የነጭ ገጠሬዎች ሙዚቃ ደግሞ የራሱ ካታሎግ ነበረው። የናርሞርና የስሚዝ ቫዮሊንና ጊታር በአንዱ፣ የኸርት በሌላው ገባ። ይህ የሽያጭ ክፍፍል በኋላ የሙዚቃ ታሪክ መስሎ ተጻፈ፤ ብሉዝ የጥቁሩ፣ ካንትሪ የነጩ ተባለ። በአቫሎን የጭፈራ ቤቶች የነበረው እውነታ ግን ከዚያ ይልቅ የተቀላቀለ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው ኸርትን ወደ ኒውዮርክ ጠራው። ክፍያው ለአንድ ዘፈን ሃያ ዶላር ገደማ ሲሆን የጉዞው ወጪም የኩባንያው ነው። ዲሴምበር 21 እና 28 ቀን 1928 ተቀረጸ። በሁለቱ ቀናት መካከል ገና ነበር፤ ገበሬው በማያውቀው ከተማ ብቻውን ሰነበተ። «አቫሎን ብሉዝ» የሚለውን ዘፈን የዘፈነው እዚያ ነው። የመንደሩን ስም በግጥሙ ውስጥ ማስገባቱ ያኔ ትልቅ ነገር አልነበረም። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ግን ሕይወቱን የለወጠው ያ ስም ነው።

ከሜምፊስና ከኒውዮርክ ቀረጻዎች በድምሩ ስድስት ሸክላ፣ አሥራ ሁለት ዘፈን ለገበያ ወጣ። ሽያጩ መጠነኛ ነበር። በኦክቶበር 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ የሸክላ ኢንዱስትሪውም አብሮ ተንኮታኮተ። በ1927 በአሜሪካ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሽጦ ነበር። በ1932 ቁጥሩ ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በሚሲሲፒ ገጠር ለሚኖር ጥቁር ጭሰኛ ሸክላ መግዛት ቀርቶ ዳቦ ማግኘትም ጭንቅ ሆነ። ኩባንያው ኸርትን ዳግም አልጠራውም።

የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ በኋላ «ጠፋ» ይሉታል። ጆን ኸርት ግን ከቤቱ አልወጣም ነበር። ከባለቤቱ ከጄሲ ጋር ልጆች አሳደገ፤ የሰው መሬት አረሰ፣ ጥጥ ለቀመ፣ ከብት ጠበቀ፣ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም የጉልበት ሥራ ሠራ። ጊታር መምታቱንም አልተወም፤ ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ሲሰበሰብ ይጫወታል። ከአቫሎን ውጭ የሚሰማው አልነበረም እንጂ ለአቫሎን ሰዎች ሙዚቀኛነቱ አንድም ቀን አልተቋረጠም።

ከአቫሎን ውጭ ሌላ ነገር እየተከናወነ ነበር። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የተባለ ሸክላ ሰብሳቢ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ከተቀረጹት አሮጌ ሸክላዎች 84ቱን መርጦ በፎክዌይስ ኩባንያ በኩል አሳተመ። የጥቁሩንና የነጩን ሙዚቃ ሆን ብሎ ሳይለይ ነው የደረደረው። ሁለቱ ዘፈኖች የኸርት ነበሩ። በኒውዮርክና በዋሽንግተን ያሉ ወጣት ተማሪዎች ስብስቡን እየደጋገሙ ሰሙት። የኸርትን አጨዋወት ለመቅዳት ጣታቸው እስኪላጥ ታገሉ፤ ሰውየው ግን ከሞተ ቆይቷል ብለው ያምኑ ነበር።

በ1963 መጀመሪያ «አቫሎን ብሉዝ» በቴፕ ተቀድቶ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ሰብሳቢ ዲክ ስፖትስዉድ እጅ ገባ። ጓደኛው ቶም ሆስኪንስም ሰማው። ዘፋኙ አቫሎን ካለ አቫሎን የሚባል ቦታ መኖር አለበት። በዘመኑ ካርታዎች ላይ አጡት፤ በአንድ አሮጌ አትላስ ላይ ግን በግሪንዉድና በግሬኔዳ መካከል ትንሽ ነጥብ ሆና ተገኘች። ሆስኪንስ በማርች ወደ ደቡብ ነዳ። አቫሎን ደርሶ በመንደሯ ሱቅ በራፍ ላይ ያገኛቸውን ሰዎች ጆን ኸርት የሚባል ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀ። መልሱ አልዘገየም፤ ኮረብታውን ወጥቶ ሦስተኛው የፖስታ ሣጥን ያለበት ቤት ነው አሉት።

ወጣቱ ነጭ በሩን ሲያንኳኳ ሽማግሌው የደነገጠው በከንቱ አልነበረም። በ1955 ኋላ የተገደለው የ14 ዓመቱ ኤሜት ቲል የተጠለፈው ከዚያ ብዙ በማይርቀው መኒ በሚባል መንደር ነው። በ1963 ክረምት ግሪንዉድ የጥቁሮች የመራጭነት ምዝገባ ትግል ማዕከል ነበረች። ከተማዋ ያለችበት ካውንቲ ባለሥልጣናት ከፌዴራል መንግሥት ለድሆች የሚመጣውን የምግብ እርዳታ ማከፋፈል አቁመው ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ደግሞ ጂሚ ትራቪስ የተባለ የምዝገባው ቀስቃሽ ከግሪንዉድ ወጣ ብሎ በመኪና ውስጥ ሳለ በጥይት ቆሰለ። በዚያ ሰሞን ከሰሜን የመጣ የማይታወቅ ነጭ የሽማግሌ ጥቁር ገበሬን ስም ጠርቶ ሲፈልግ ሰውየው ምን ያስብ? ኸርት በኋላ እንደተናገረው ፖሊስ ወይም የኤፍ.ቢ.አይ. ሰው መስሎት ነበር። ወደ ዋሽንግተን እንሂድ ሲባልም እንቢ ቢል በግድ የሚወስደው መስሎት ተስማማ።

ኸርት በዚያ ጊዜ የራሱ ጊታር እንኳ አልነበረውም። ሆስኪንስ የራሱን አቀበለው። ሽማግሌው ክሮቹን አስተካክሎ ጥቂት ከሞካከረ በኋላ መጫወት ሲጀምር ጥርጣሬ ሁሉ አበቃ። በ1928 የተቀረጸው እጅ ይኸው ነው።

ያ እጅ ምን ያደርግ እንደነበር ማየት ተገቢ ነው። ኸርት ክሩን የሚነካው በሦስት ጣት ነው። የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣት የጊታሩ ሳንቃ ላይ ያሳርፋል። አውራ ጣቱ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ምቱን ይጠብቃል፤ አይዘገይም፣ አይፈጥንም። ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ደግሞ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ዜማውን ያወጣሉ። ዜማው ግን ከአውራ ጣቱ ምት ጋር እኩል አያርፍም፤ አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ ይገባል። ውጤቱ አንዱ ከበሮ ሲመታ ሌላው ክራር የሚደረድር ያስመስላል፤ ሁለቱም ግን ከአንድ ቀኝ እጅ የወጡ ናቸው። ይህ አሠራር የመጣው ከጭፈራ ነው። ባንድ በሌለበት ቤት አንድ ሰው ብቻውን ሰው ማስጨፈር አለበትና ምቱ ለአፍታ እንኳ ሊቋረጥ አይችልም።

ድምፁ ደግሞ ለስላሳ ነው። ስለ ግድያ ሲዘፍንም ከፍ አያደርገውም፤ ለጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ዝግ ብሎ ይተርካል። «ሉዊስ ኮሊንስ» በተሰኘው ዘፈኑ የአንድ ወጣት መገደልና የእናቱ ኀዘን የሚተረከው የሕፃን ማስተኛ በመሰለ ዜማ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሮች በፍጥነት ሄዱ። ኸርትና ጄሲ ወደ ዋሽንግተን ተዛወሩ። እነ ስፖትስዉድ ባቋቋሙት ፒድሞንት በተባለ አነስተኛ ኩባንያ አልበም አወጣ፤ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማህደርም በርካታ ዘፈኖቹ ተቀረጹ። በጁላይ 1963 በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጣ። በዚያው ፌስቲቫል ከመብት ትግሉ የመጡት ፍሪደም ሲንገርስ ነበሩ፤ ጆአን ባኤዝና ወጣቱ ቦብ ዲላንም እንዲሁ። ባርኔጣውን እንደደፋ የተቀመጠው ሽማግሌ በሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ልክ በረንዳው ላይ እንደሚጫወተው ተጫወተ። ኒውዮርክ ታይምስና ሌሎች ትልልቅ ጋዜጦች ስሙን ያነሱ ጀመር።

በዋሽንግተን ውስጥ ዘወትር የሚጫወትበት ኦንታሪዮ ፕሌስ የሚባል ቡና ቤት ነበር፤ የሚገኘውም አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሠፈር ነው። ይህ ሠፈር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሥራ ስምንተኛው ጎዳና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተደረደሩት፣ ብዙ ስደተኛም በአሜሪካ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው እዚያው ነው። ኸርት ይጫወት የነበረው ያ ዘመን ከመምጣቱ ከአንድ አሥርት ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

የኸርት መገኘት ሌሎች ወጣቶችም የጥንት ብሉዝ ዘፋኞችን እንዲፈልጉ አነሳሳ። ጆን ፌሂና ኢዲ ዴንሰን ቡካ ዋይት በዘፈኑ አበርዲን የሚባል የሚሲሲፒ ከተማ ማንሳቱን አስተውለው በከተማዋ ፖስታ ቤት በኩል ለማይታወቅ አድራሻ ደብዳቤ ላኩለት፤ ደብዳቤውም ደረሰው። በ1964 ስኪፕ ጄምስ በሚሲሲፒ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሰን ሃውስ ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት ሮቼስተር ተገኙ። ሰን ሃውስ ጊታሩን ከተወ ዓመታት አልፈው ስለነበር የገዛ ዘፈኖቹን መልሶ ያስታወሰው አለን ዊልሰን የተባለ ወጣት ነጭ ጊታር ተጫዋች ሸክላዎቹን አጥንቶ ነው። ኸርት እንዲህ ያለ አስታዋሽ አላስፈለገውም። ለእሱ ሙዚቃው ሥራ ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ ሥራው ሲቆም የሚቆም ነገር አልነበረም።

ይህ ልዩነት ዛሬ በብዛት ከሚነገረው የብሉዝ ታሪክ ጋር አይገጥምም። በ1961 የብሉዝ ዘፋኙ የሮበርት ጆንሰን ዘፈኖች በአልበም መልክ ታትመው ሲወጡ፣ ነፍሱን በመስቀለኛ መንገድ ለሰይጣን ሸጧል የሚለው አፈ ታሪክ አብሮ ገነነ። የብሉዝ ሰው ማለት የተሰቃየ፣ የተቅበዘበዘ፣ በወጣትነቱ የተቀጨ መሆን አለበት የሚል ግምት ተስፋፋ። ኸርት ከዚህ አንዱንም አያሟላም። ቤተሰቡን ይዞ በአንድ መንደር የኖረ፣ ረጋ ያለ፣ መዝሙርም የሚዘፍን ሰው ነው። የእሱን ሸክላዎች ከጆንሰን ሸክላዎች ጎን አድርጎ የሚሰማ ሰው የጥንቱ ብሉዝ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ይረዳል። ሐዘኑም ቀልዱም፣ ጭፈራውም ጸሎቱም ከአንድ ጊታር ይወጡ ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ ታሪኩ የተደባለቀ ነው። ከእርሻ ይልቅ ከመድረክ የተሻለ አገኘ፤ የኒውፖርት ፋውንዴሽንም ጊልድ የተባለ ጊታር ገዛለት። የአስተዳደርና የቀረጻ ውሉ ግን አከራካሪ ሆነ። በቀረጻዎቹ ባለቤትነት ላይ የተነሳው ክርክር ከሞቱ በኋላ ፍርድ ቤት ደርሶ ዓመታት ፈጀ። ቫንጋርድ በተባለው ኩባንያ የቀረጻቸው አልበሞች አብዛኞቹ ገበያ ላይ የዋሉት እሱ ካለፈ በኋላ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክ የተመሠረተ የሮክ ባንድ ስሙን ከኸርት «ኮፊ ብሉዝ» ውስጥ ካለ ሐረግ ወስዶ ላቪን ስፑንፉል ተባለ። በ1966 የበጋ ወራት የባንዱ «ሰመር ኢን ዘ ሲቲ» በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ኸርት በዚያን ጊዜ ወደ ሚሲሲፒ ተመልሶ ግሬኔዳ ይኖር ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን 1966 በልብ ድካም አረፈ። መቃብሩ አቫሎን አጠገብ፣ በጫካ ውስጥ ባለ ኮረብታ ላይ ነው።

የልጅ ልጁ ሜሪ ፍራንሲስ ኸርት፣ አያቷ ይኖርበት የነበረውን ባለጥቂት ክፍል የእንጨት ቤት ወደ ሙዚየም ለውጣው ነበር። ከተለያየ አገር የመጡ ጊታር ተጫዋቾች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ሙዚየሙ በእሳት ወደመ።

ከሙዚየሙ ይልቅ በስፋት የሚታየው ውርሱ በጣት የሚመታ ጊታርን የሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ ነው። ዶክ ዋትሰን ዘፈኖቹን ዘፍኗል፤ ታጅ ማሃል ከእሱ መማሩን ይናገራል፤ ቶም ፓክስተን ስሙን የሚጠራ ዘፈን ጽፎለታል፤ ቦብ ዲላን በ1992 አልበሙ ውስጥ ያስገባው ስለ ፍራንኪ የሚተርክ ዘፈን ከኸርት አጨዋወት የተወሰደ ነው። በ2001 ደግሞ ቤክንና ሉሲንዳ ዊልያምስን ጨምሮ በርካታ ሙዚቀኞች የእሱን ዘፈኖች ብቻ የያዘ አልበም አሳትመዋል። ስቴፋን ግሮስማንን የመሰሉ መምህራን አጨዋወቱን በመጽሐፍና በቪዲዮ እየዘረዘሩ ለሁለት ትውልድ አስተምረዋል። አሠለጣጠኑ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ አውራ ጣቱን ብቻ ያለ ዜማ ያለማምዳል። ምቱ ሳይታሰብበት የሚሄድለት ሲሆን ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ ይጨምራል። ከዚያ የሚመጣው ምርጫ የትኛውን ቀረጻ ልከተል የሚል ነው። በ1928 በሜምፊስ የተቀረጸው «ፍራንኪ» እጅግ ፈጣን ስለሆነ ጀማሪ አይደርስበትም። አብዛኞቹ ኸርት በሰባ ዓመቱ ዝግ ብሎ ከቀረጸው ይጀምሩና የሜምፊሱን ለኋላ ያቆዩታል።